ንግሥት የሌለችበት ጨዋታ

«ቆራጧ» ብሎ ስም ያወጣላት የማሽን ጠጋኛችን ነው። ሥራዋ ወረቀት መቁረጥ ስለሆነ «ቆራጯ» መባል ነበረባት። እሱ ግን አንድ ቀን የመቁረጫው ቢላ ሲደነዝዝ ማንንም ሳትጠራ ፈትታ፣ ስላ፣ መልሳ ስትገጥመው አየና «ይቺስ ቆራጭ ብቻ አይደለችም፣ ቆራጥም ናት» አለ። ከዚያ ወዲያ በማተሚያ ቤቱ ውስጥ እናትና አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት አልነበረም።

እኔ ጠራዥ ነኝ። ጠረጴዛዬ ከእሷ ማሽን አራት እርምጃ አይርቅም። እሷ የቆረጠችውን እኔ አጥፌ፣ ሰፍቼ፣ ሙጫ ቀብቼ መጽሐፍ አደርገዋለሁ። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ በዕድሜ ስለምበልጣት «እትዬ» ነበር የምትለኝ። ይህን የማወራው ሁሉንም በዓይኔ ስላየሁ ነው። ኋላ ያሳፈረኝም ይኸው ማየቴ ነው።

በምሳ ሰዓት ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ባዶ ሣጥን ላይ ሰሌዳ ዘርግተው ቼዝ ይጫወታሉ። ቆራጧ ቼዝ ታውቃለች። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ የሚያሸንፈው ሰው ቢያጣ እሷን አስተምሮ በየቀኑ ያሸንፋት ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተራው የእሷ ሆነና አሸነፈችው። ሰሌዳውን ገልብጦ ወጣ፤ ዳግመኛም አብሯት አልተቀመጠም።

ለወንዶቹ «ለኔም ተራ ያዙልኝ» አለቻቸው። «ጠብቂ» አሏት፤ ጠበቀች። የተሸነፈው ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል፤ የሚነሳውም የሚቀመጠውም ግን ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው። ዛሬ «ወረፋ አለ»፣ ነገ «ሰዓት አልቋል» ይሏታል። ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀለም ቀላቃዩ ከሰሌዳው ላይ ቀና ሳይል «አንቺ ደግሞ፣ ቼዝ ለሁለት ሰው ነው። አንቺ አንድ ነሽ» አላት። ሁሉም ሳቁ።

ቆራጧ ስትቆጣ አትጮኽም፤ ታጸዳለች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሽኗን ከላይ እስከ ታች ወለወለችው፤ ቀጥላ የኔን ጠረጴዛ፣ ከዚያ መስኮቱን። ቤቷም ስትገባ ይህንኑ ታደርጋለች። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከወንበራቸው እምብዛም የማይነሱት እናቷ ድስት ስትፈትግ ሲሰሙ «ዛሬ ደግሞ ማን ነካሽ? ተይ እንጂ ልጄ፣ ድስቱ ሊበሳ ነው» ይሏታል።

በማግሥቱ መጥታ «እትዬ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ቼዝ እሠራለሁ» አለችኝ።

ከመጽሐፍ ሽፋን የሚተርፈውን ካርቶን እንጥለዋለን። ከዚያ ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ አሥራ ሁለት ካርዶች ቆረጠች፤ አንዱ ካንዱ የፀጉር ያህል እንኳ አይበልጥም። ሥዕል ስለማትችል ፊደል ጻፈችባቸው። «ን» ንጉሥ፣ «ግ» ግንብ፣ «ጳ» ጳጳስ፣ «ፈ» ፈረስ፣ «ወ» ወታደር። ሌላ ካርቶን ላይ አራት በአራት አድርጋ አሥራ ስድስት ቤት አሰመረች። ጨዋታው ይህ ነው፦ ከካርዶቹ አምስቱ ወይም ስድስቱ፣ ሲከብድ ዘጠኙ፣ በተወሰነላቸው ቤት ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ በቼዝ እንደሚሄደው ይሄዳል፤ ግንብ ቀጥ ብሎ፣ ጳጳስ በሰያፍ፣ ፈረስ እየዘለለ። ግን ሌላ ካርድ ሳይበሉ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። የተበላው ይነሳል፣ የበላው በቦታው ይገባል። በመጨረሻ ንጉሡ ብቻውን ከቀረ ተፈታ ማለት ነው። ሌላ ካርድ አብሮት ከቀረና የሚበላው ካጣ ግን ሰብስቦ እንደገና መጀመር ነው።

«ንግሥቷስ?» አልኳት።

«ሞከርኳት፣ አወጣኋት። እሷ ካለችበት ማሰብ አያስፈልግም። በቀጥታም በሰያፍም ትሄዳለች፤ ያሻትን ትበላለች። የዚህ ጨዋታ ጣዕሙ አለመቻሉ ነው። ፈረስ አጠገቡ ያለውን መብላት አይችልም፤ ሲያቅተው ነው አንቺ የምታስቢው። ስለዚህ በሷ ፈንታ ሦስተኛ ፈረስ ጨመርኩ።»

አቀማመጦቹን በሰማያዊ ደብተር ላይ ትጽፋቸው ጀመር። ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት አንድ ትፈጥራለች፤ ቀን እሷ ሥራ ላይ ሳለች እናቷ ቤት ተቀምጠው፣ ሌላ በቆረጠችላቸው ካርድ፣ ይሞክሩታል። እናቷ ቼዝ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ልጃቸው ስትገባ ገና ከበሩ «ምን አባቱ ነው ይሄን ፈረስ እዚህ ጥግ የዶለው? ቀኑን ሙሉ አንጀቴን አሳረረው እኮ!» እያሉ ይቀበሏት ነበር። እናቷ ያለ ችግር የፈቱትን ትሰርዛለች። ሁለት ሦስት መውጫ የተገኘለትንም ትሰርዛለች። «መውጫው አንድ ካልሆነ ሰው በዕድል ይወጣል» ትላለች። በዓመት ከመንፈቅ ስልሳ አቀማመጥ ቀራት፤ የሰረዘችው ከዚያ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ዲዛይነር አለን። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ምላሱ ማር። አንድ ቀን የሽፋን ናሙና ሊያሳየኝ ወርዶ ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው አያቸው።

«የማን ናቸው?»

«የኔ» አለች ቆራጧ፤ አጨዋወቱንም አሳየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳ ሰዓቱ ይመጣ ጀመር። «እህቴ፣ ጭንቅላትሽ ይገርማል» ይላታል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ዓመት ሙሉ አቁመዋት፣ ይሄ ራሱ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ ዓርብ ደብተሩን ለቅዳሜና እሑድ እንድታውሰው ለመናት፤ ሰጠችው። ሰኞ ፊቱን ጥሎ መጣ። «እህቴ፣ ታክሲ ውስጥ ረሳሁት። በቁሜ ሞትኩልሽ።»

እሷ ናት ያጽናናችው። «ተወው፣ ደብተር ነው። ጭንቅላቴን አልረሳኸው» አለችው።

አምስት ወር አለፈ።

አንድ ጠዋት ከማተሚያው ክፍል ቀለሙ ገና የሚሸት የወረቀት ክምር በጋሪ መጣላት። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ጀርባው ሰማያዊ። ልኬቱን ልታይ አንዱን አነሳችና ገለበጠችው። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ንጉሥ፣ ግንብ፣ ጳጳስ፣ ወታደር፣ ፈረስ፣ ሁሉም አምሮ ተስሏል። ከሥሩ የሣጥኑ ክዳን አለ። «የብቸኛ ቼዝ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «ፈጠራና ሥዕል» ይልና የዲዛይነሩ ስም እስከነ አባቱ ተጽፏል።

ወረቀቱን መለሰችው። ክምሩን አስተካክላ ቢላው ሥር አስገባችው። ማሽኑ ጣት እንዳይበላ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ በሁለት እጅ እኩል ካልተጫኑ አይቆርጥም። ሁለቱንም እጆቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች። ልትጫን ነው ብዬ ነበር። እጆቿን አነሳችና ማሽኑን አጠፋችው።

ያ ማሽን በሥራ ሰዓት ሲጠፋ ሰምቼ አላውቅም። ጸጥታው ሁሉንም ሰው ከሥራው ቀና አደረገው።

«እትዬ፣ ነይ» አለችኝ። ተከተልኳት።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ጨዋታው። አቀማመጡ። ስልሳውም።»

ዲዛይነሩን አስጠሩት። ገብቶ ሲያያት ፊቱ ለአፍታ ብቻ ተለወጠ፤ ወዲያው ማሩን አወጣው። «እህቴ፣ ሐሳብ ማለት እኮ እንደ ነፋስ ነው። ላንቺም ይነፍሳል፣ ለኔም ይነፍሳል።»

«ነፋስ ደብተር አይወስድም» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ግንባራቸውን አሹ። «ቼዝ እንደሆነ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። ያንቺ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?»

«ደብተሬ ነበር፤ እሱ ጋ ነው። ይቺን ይጠይቋት፣ ስሠራው ስታየኝ ነው የኖረችው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው? አይተሻል?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የሥራ ውሌ የሚታደስበት ወር ነበር። የሚያድሱትም እሳቸው ናቸው። ሁለት ልጆቼ ትዝ አሉኝ፤ የቤት ኪራዩ ትዝ አለኝ። እውነቱ ግን እነዚህን ሁሉ ያሰብኩት ኋላ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የፈራሁት ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ስለተከሉብኝ ብቻ ነው።

«እኔ... ወደ ሥራዬ ነበር የማየው፣ ጋሼ» አልኩ።

ቆራጧ ዞራ አየችኝ። አለመጮኋን አሁንም ድረስ አልረሳውም።

ከዚያ ወረቀቱን እንደገና ስታየው ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ንግሥቷን ማን አስገባት?»

ዲዛይነሩ ሳቅ አለ። «ቼዝ ያለ ንግሥት? ሰው ይስቅብናል እኮ! ሦስት ፈረስ ነበር፤ ጎደሎ መሰለኝና አንዱን ቀየር አድርጌ...»

አፉን ያዘ። «ነበር» ብሏል። የት ነበር? ሥራ አስኪያጁ ሰምተዋል፤ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ አይቻለሁ። እኔም ሰምቻለሁ። ያኔ እንኳ አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። አልከፈትኩም።

«ዝም ብለሽ ወረቀቱን ቁረጪ» አሏት ሥራ አስኪያጁ።

«በሌላ እጅ ያስቆርጡት እንጂ በኔ እጅ አይቆረጥም።»

በማግሥቱ ወደ እሽግ ክፍል አዘዋወሯት። ከግቢው ጥግ ያለ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ሥራው ጥቅል በገመድ ማሰር ነው። ካርዱን ሌላ ሰው ቆረጠው፤ ጠርዙን አጣመመው።

እኔን ሰላምታ ነፈገችኝ። «እትዬ» ቀረ። የግድ ከሆነ «አንቺ ሴትዮ፣ ገመዱን አቀብዪኝ» ትለኛለች። ባልደረቦቻችን ቀስ በቀስ «ቁጣ አበዛች» ማለት ጀመሩ። ተናድጄ «አላበዛችም!» ማለት ሲገባኝ አንገቴን ደፍቼ መጽሐፍ እሰፋለሁ። ሰው በራሱ ሲናደድ እንዴት እንደሚያደርገው አላውቅም፤ እኔ ያን ሰሞን መርፌ በየቀኑ እሰብር ነበር።

እሷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ስልሳውን አቀማመጥ ከጭንቅላቷ አንድ በአንድ አውጥታ አዲስ ደብተር ላይ ጻፈችው። የጎደላትን እናቷ ሞሉላት። ኋላ ላይ እናቷ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ከስልሳው ውስጥ አሥራ አንዱን ያስታወሷት እሳቸው ናቸው። «ያቃጠለኝን ነገር እረሳለሁ እንዴ?» አሉኝ።

ሣጥኖቹ ገበያ ላይ ከወጡ ወር ተኩል በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ጨዋታውን ያሳተመችው ሴትዮ መጣች። የአሻንጉሊት ሱቅ ባለቤት ናት፤ እኛ «ባለ አሻንጉሊቷ» እንላታለን። አጭር ናት፣ ድምፅዋ ግን ከማተሚያው ማሽን ይበልጣል። ፎቅ ድረስ መውጣት እንኳ አልታገሠችም፤ ሣጥኑን የኔ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው።

«ይሄን ሠራሁ ያለው ሰው ይምጣና እዚሁ ፊቴ ይፍታልኝ!» አለች። «ግማሹ የስድስት ዓመት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ነው። ግማሹን ደግሞ አንድ የሒሳብ መምህር ሳምንት ታግሎ መልሶልኛል። ሰው ሱቄ እየመጣ ይሰድበኛል!»

ሥራ አስኪያጁም ዲዛይነሩም ወረዱ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ሰው ከበበ። ዲዛይነሩ ተቀምጦ አሥራ ዘጠነኛውን አቀማመጥ ደረደረ። አንዱን በአንዱ በላ፤ ተጣበቀ። እንደገና ደረደረ፤ ተጣበቀ። ያ የተተኮሰ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ረጠበ። «ልምምድ ነው የሚፈልገው» አለ።

«የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ? አንተ ሳትለማመድ ማን ይለማመድ?» አለችው።

ቀለም ቀላቃዩ ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ መርፌዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ሴትዮዋን ሳይሆን ሥራ አስኪያጁን እያየሁ ተናገርኩ።

«ይሄን የሠራችው እሽግ ክፍል ያለችው ናት። ዓመት ከመንፈቅ ስትሠራው እዚህ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ደብተሯን ሲዋሳትም አይቻለሁ። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ዋሽቻለሁ፣ ጋሼ። ውሌን ከፈለጉ ይቅደዱት።»

መልሳቸውን ሳልጠብቅ ሄጄ ጠራኋት። «ነይ» ስላት «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። «የተበላሸውን ጨዋታሽን ሰው ሊፈታው አልቻለም» አልኳት። ገመዱን ጥላ መጣች።

አልተቀመጠችም። ቆማ ካርዶቹን አየቻቸው። ንግሥቲቱን በሁለት ጣት አንስታ ወደ ጎን ጣለቻት። ከኔ ጠረጴዛ ላይ የካርቶን ቁራጭ ወስዳ በእርሳስ «ፈ» ጻፈችና በቦታው አኖረችው። ከዚያ ፈረሱ ግንቡን፣ ጳጳሱ ወታደሩን፣ አንዱ አንዱን እየበላ ሰባት ጊዜ ካርድ ተነሣ። ንጉሡ ብቻውን ቀረ። ለመተንፈስ የሚበቃ ጊዜ አልወሰደባትም።

ወደ ዲዛይነሩ ዞረች። በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፅዋ ከፍ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሰማሁ።

«ሰረቅኸኝ፣ እሺ። የሰው ነገር የሚወስድ ሰው ሞልቷል። ግን ምነው ስትሰርቅ እንኳ አንብበህ ብትሰርቅ? አንዲት ፈረስ ለማኖር እኔና እናቴ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀናል። አንተ ታምርልህ ብለህ ንግሥት ሰካህባት! የወሰድከውን እንኳ አላከበርከውም!»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም፣ መልካም። ስህተቱ ይታረማል። በሚቀጥለው እትም ላይ ከጀርባ በኩል፣ ‹ለትብብሯ እናመሰግናለን› ብለን...»

«ትብብር?» አለች። «ጋሼ፣ እኔ ከማን ጋር ነው የተባበርኩት? ከሌባዬ ጋር?»

ባለ አሻንጉሊቷ እጇን አነሳች። «አቁሙ። ስምሽ ማነው?» ቆራጧ ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ነገረቻት። ሴትዮዋ ቦርሳዋ ውስጥ ባለች ወረቀት ላይ ጻፈችው። «ሥራ አስኪያጅ፣ የተበላሸውን ሣጥን ሁሉ መልሳችሁ ትወስዳላችሁ። አዲሱ የሚታተመው እሷ ባለችው ነው፤ ክዳኑ ላይ የሷ ስም ነው የሚገባው። አለዚያ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ማተሚያ ቤት አለ።»

እንደተባለው ሆነ። ዲዛይነሩ ወር ሳይሞላው ሥራውን ለቆ ሄደ። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እንዲያውም በሄደበት ቦታ «ሐሳቡን አብረን ነው ያመጣነው» እያለ ያወራል አሉ። ይህን የሰማች ዕለት ቆራጧ የእሽግ ክፍሉን ወለል ለሁለት ሰዓት አጠበችው። በሳምንቱ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። የራሷን ካርዶች ራሷ ቆረጠቻቸው፤ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ነበር። እናቷ የመጀመሪያውን ሣጥን ተቀብለው ክዳኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ፊደሉ ትንሽ አነሰ» ብለው ተቆጡ።

የኔን ውል ማንም አልቀደደውም። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፤ ለካ ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማሽኗ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው» አልኳት። ክምሩን እያስተካከለች፣ እጇን ሳታቆም መለሰችልኝ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ከሱ ይልቅ ባንቺ ነው የተቃጠልኩት። እሱ ሌባ ነው፤ ሌባ ሲሰርቅ ምን ይገርማል? አንቺ ግን እያንዳንዷን ካርድ ስቆርጥ አይተሻል። ኋላ መናገርሽን አልረሳሁም፤ ደግ አደረግሽ። ግን ሦስት ወር መስኮት በሌለበት ክፍል ገመድ ያሰርኩት አንቺ ‹ወደ ሥራዬ ነበር የማየው› ስላልሽ ነው።»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

«ልክ መሆኔን አውቃለሁ። ገና አልወጣልኝም። ሲወጣልኝ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ አትለማመጪኝ።»

ሁለቱን ቁልፎች ተጫነች፤ ቢላው ወረደ። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ የቆረጠችውን ማጠፍ ጀመርኩ። ይህ ከሆነ አራት ወሩ ነው። እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።